የጓሳው መታወቂያ

በደርግ ዘመን ላሊበላ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበርሁ ስል ሰዎች ዕድሜዬን ሙሉ ቤተ ክርስቲያኖቹን ሳነሣ የኖርሁ ይመስላቸዋል። እኔ የኖርሁት የገበሬ ፊት ሳነሣ ነው። የገበሬ ማኅበር አባል ሁሉ መታወቂያ ይያዝ ተብሎ ስለነበር ካሜራዬን፣ አንድ ነጭ አንሶላና አንድ ጥቁር ኮት በበቅሎ ጭኜ ከብልባላ እስከ ሙጃ ያለውን ደጋ ስዞር እከርም ነበር። አንሶላው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ኮቱን ደግሞ ኮት የሌለው ሁሉ ይለብሰዋል። ኮት ያለው ሰው ብዙ ስላልነበረ የዚያ አገር ወንድ ግማሹ መታወቂያው ላይ የሚታየው በእኔ ኮት ነው። ለሁሉም አማረባቸው ማለት ግን አይደለም።

«ቀና ይበሉ፣ አፍዎን ገጠም ያድርጉ፣ አሁን አይተንፍሱ» እላለሁ። ሰውዬው ትንፋሹን ውጦ ዓይኑን ያፈጣል፤ ቀጭ አደርግና ቀጣዩን እጠራለሁ። እንጀራዬ ነበርና ሥራውን አልንቀውም። ልቤ ግን ከአንሶላው በስተጀርባ ነበር።

ላስታ ዓመቱን አብዛኛውን ድንጋይና አቧራ ናት። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ግን ለጥቂት ሳምንት ሌላ አገር ትሆናለች። ጠዋት ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ይተኛል፤ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል፤ ከቀትር በኋላ ያ ሁሉ ብርሃን የት እንደገባ ሳይታወቅ በረዶ ይወርዳል፤ ወዲያው ደግሞ ይገለጥና ማሳው፣ ቋጥኙ፣ አደዩ ሁሉ ታጥቦ ይወጣል። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ግን ፊት ለፊቴ ቆሞ የማየው አገር ይናፍቀኝ ነበር። ፊልሙ ከደሴ የሚመጣው ለመታወቂያ ተብሎ ነው፤ በአንድ ጥቅል ሠላሳ ስድስት ፊት፣ ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች። ቢሆንም ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ሁለት ሦስት የሚተርፍበት ጊዜ አለ። እሱን ለተራራ፣ ለደመና፣ ለጭላዳና ለሰሳ አውለው ነበር። ስርቆት ነው የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ስርቆት ነው።

በዚህ ስርቆት ሁሉ ያልተሳካልኝ አንድ ነገር ቀይ ቀበሮ ነበረች። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ውር ውር እያለች እንደምትኖር አውቃለሁ፤ ሦስት መስከረም ሙሉ ፈልጌ ግን ካሜራዬን ሳወጣ ጅራቷን ብቻ ነው ያየሁት። በእልህ ተይዤ ነበር። ሌሎች ሰዎች ስለ ሚስት ወይም ስለ በሬ በሚያስቡበት ሰዓት እኔ ስለ ቀበሮ አስብ ነበር።

አንድ መስከረም ከላሊበላ ወደ ሙጃ በሚያሻግረው መንገድ ላይ፣ ከተራራው ሥር ባለች መንደር አንሶላዬን ሰቅዬ ስሠራ ዋልሁ። ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ገሳ ለብሰዋል። ገሳ ደገኛው ከጓሳ ሣር ጎንጉኖ ለዝናብ የሚደርበው ነው፤ የለበሰው ሰው ከሩቅ ሲታይ የሚሄድ ነዶ ይመስላል። ኮቱን ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም።

«አባቴ፣ መታወቂያ በገሳ አይሆንም» አልኋቸው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለዋልሁ ድምፄም ለስላሳ አልነበረም።

«ለምን አይሆን? እኔን ካልመሰለ የማን መታወቂያ ይባላል?»

ኮቱን አጣጥፌ አስቀመጥሁ። በገሳቸው አነሣኋቸው፤ ከዚያ ጥቅል ሦስት ምስል ብቻ ቀረኝ።

እኒህ ሰው የጓሳው ጠባቂ ነበሩ። ጓሳው ከመንደሩ በላይ ያለው ሰፊ የሣር አገር ነው። በአባት በአያት ሥርዓት ሽማግሌዎች ይዘጉታል፤ ሲዘጋ ማጭድም በግም አይገባበትም፤ ዓመታት ቆይቶ ሲከፈት አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ወጥቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። ጠባቂው በሽማግሌዎች ተመርጠው ዘመናቸውን እዚያ ያሳለፉ ናቸው። ማኅበሩ ከተቋቋመ ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ሹመት በወረቀት ላይ የለም። እሳቸው ይህን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው በየማለዳው ይወጡ ነበር።

ፎቶው እስኪደርስ ካርዱን አስቀድሞ የሚሞላው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ራሱ ነበር፤ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ ከሚለው ፊት ለፊት ጻፈና ካርዱን ለሽማግሌው ሰጣቸው። ሽማግሌው በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ካርዱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው እያንዳንዷን ፊደል በጣታቸው እየነኩ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ሥ። ራ። ፈ። ት።»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። እሳቸው አልሳቁም።

«አባባ፣ ታዲያ ምን ልበል?» አለ ሊቀ መንበሩ። «ጓሳ ጠባቂ የሚባል ሥራ የለም። ጓሳውም ቢሆን የሚሰነብት አይደለም። ባዶ መሬት ያለው ማኅበር ለእርሻ ያስመዝግብ የሚል ደብዳቤ ከላይ መጥቷል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ስብሰባ ነው፤ እኛም ጓሳውን እናስመዘግባለን።»

«ባዶ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ሣር ብቻ ነው እንጂ ምን አለበት?»

አንሶላዬን ሳጣጥፍ ሽማግሌው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ገሳቸው የእርጥብ ሣር ሽታ አለው።

«ያቺ ሣጥንህ ያየችውን ትመሰክራለች ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«ካየች ትመሰክራለች፣ አባቴ።»

«ባዶ ነው አለኝ እኮ። ቀበሮዋስ? ያ ሁሉ ነፍስ ያለው ፍጥረትስ? በል፣ ነገ እኔ አሳያታለሁ፤ አንተ ደግሞ ለስብሰባው ታመጣታለህ። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ በልቤ የነበረው ጓሳው አልነበረም። ቀበሮዋ ነበረች።

በማግስቱ ከፀሐይ ጋር ወጣን። ከጓሳው ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ሲደርሱ አስቆሙኝና በቅሎዬን አሳሰሩኝ። ቀጥሎም ኪሴን እንዳራግፍ ጠየቁኝ፤ የፊልም ጫፍ የምቆርጥበት ሴንጢ ነበረኝ፤ ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። በተዘጋ ጓሳ ስለት ይዞ መግባት ነውር ነው። ካሜራውን ግን አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

«ዓይን አያጭድም» አሉ። «ግባ።»

ገባሁ። ጓሳው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ከሥሩ ጤዛው እግሬን አራሰው። ጅብራዎቹ እዚህም እዚያም ተገትረዋል፤ ጦስኙ ሲረገጥ ይሸታል። በስተ ምሥራቅ ገደሉ አፉን ከፍቶ ጭጋጉ ከውስጡ ይጨሳል። ከገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ መንጋ ተቀምጦ ሥር ይቆፍራል። አንዱ ወንድ ፀሐይ ከጀርባው ስትመታው ጎፈሩ በራ። አላስቻለኝም፤ አነሣሁት።

ሽማግሌው በትዕግሥት አዩኝ። «ጭላዳውን ማን ካደ?» አሉ። «እሱማ ከመንደር ሆነው ያዩታል።»

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ሁለት ምስል ቀረኝ።

ከዚያ በኋላ የምንጠብቀው በረዶ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብርሃን ስጠብቅ የኖርሁ ሰው በረዶ ጠብቅ ስባል ቀልድ መሰለኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ በረዶው ቀልጦ የአይጥና የፍልፈሉን ጉድጓድ ሲሞላው አይጡ ሁሉ ግር ብሎ ይወጣል፤ ቀበሮዋም ይህን ስለምታውቅ ከበረዶ ጋር ትመጣለች። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር።

«አባቴ፣ ዛሬ የሚጥል አይመስልም» አልሁ።

«ጭላዳውን እይ።»

አየሁ። መንጋው ቁፋሮውን ትቶ አንድ በአንድ ከአፋፉ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ጥቂት ቆይቶ አፋፉ ባዶ ሆነ። ወዲያው ከተራራው ጀርባ ጥቁር ደመና ብቅ አለና ሰዓት ሳይሞላ ሰማዩን ያዘው። እኔ ፎቶ አንሺው ደመናውን ሳየው፣ እሳቸው ከጭላዳው አስቀድመው ሰምተዋል።

በረዶው ሲወርድ ሁለታችንም በአንድ ገሳ ሥር ተሸጎጥን። ጠጠሩ ገሳው ላይ ይንጫጫል፤ ከፊታችን ሣሩ፣ ድንጋዩ፣ መንገዱ ነጣ። ካሜራዬ እንዳይርስብኝ በጋቢዬ ሥር ደረቴ ላይ አቀፍሁት። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው የማይሠራው ስሕተት ይህ ነበር፤ ሠራሁት።

ድንገት ቆመ። ከደመናው ቀዳዳ ብርሃን ወረደና ነጩን ሜዳ አበራው። ሽማግሌው ክንዴን ጨበጡኝ። ከእኛ የድንጋይ ውርወራ በማይሞላ ርቀት ቀይ ቀበሮዋ ቆማለች። እንደ በሶብላ ቅርንጫፍ ቀጭን እግሯን አንሥታ አንገቷን ሰብራ ታዳምጣለች። ካሜራዬን ከጋቢዬ መንጭቄ አወጣሁና ሳላይ ተጫንሁ። ከዚያ በኋላ ነው ያየሁት፤ ብርድ ይዞት የነበረው መስታወት የደረቴን ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ እንደ ድስት ክዳን ላብ ሸፍኖታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስሁት የማይለቀም ነበር። ቀበሮዋም ዘልላ አንድ ነገር ይዛ ጠፋች።

በራሴ ላይ ያወረድሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

«ተወው» አሉ ሽማግሌው። «መስታወቱን አቀዝቅዘው። የያዘችውን ደብቃ ትመለሳለች። ስትመለስ በድንበሩ ነው የምታልፈው፤ መንገዷ አንድ ነው።»

ድንበሩ የሚሉት ጓሳው ከእርሻ ጋር የሚገናኝበትን ነው። አምና የጓሳው አንድ ጥግ ተቆርጦ ለገብስ ታርሶ ነበር። ወደዚያ ፊታችንን አዙረን ተቀመጥን። መስታወቱን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁ፤ እንደገና ጠረግሁ፤ ብርዱን እስኪለምድ ከገሳው ውጭ ያዝሁት። እጄ ደነዘዘ። በረዶው መቅለጥ ጀመረና ውኃው በየፊናው ሲንዠቀዠቅ ይሰማ ነበር። እኔ ግን ውኃም አልሰማሁ፣ እርሻም አላየሁ። ዓይኔ ቀይ ነገር ብቻ ይፈልጋል።

መጣች። ልክ እንዳሉት በድንበሩ፣ አይጥ በአፏ አንጠልጥላ፣ ቀኑ ሁሉ የእሷ እንደሆነ እያዘገመች መጣች። መካከል ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችን። ትንፋሼን ያዝሁ፤ ስንት ሰው ያስያዝሁትን ትንፋሽ። ቀጭ።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እንደ ሕፃን ዘለልሁ፤ ሽማግሌውን አቀፍኋቸው፤ ገሳቸው ላይ የነበረው በረዶ አንገቴ ውስጥ ገባ። እሳቸውም ሳቁ። በዚያ ሜዳ ላይ ሦስት መስከረም የበላኝን እልህ አወጣሁት።

ላሊበላ ተመልሼ በጨለማ ክፍሌ ፊልሙን አጠብሁት። ማተሚያዬ የሚሠራው ወፍጮ ቤት ባስሞላሁት የመኪና ባትሪ ነበር። አንድ ትልቅ ወረቀት ለክብር ቀን ብዬ ያስቀመጥሁት ነበረኝ፤ አወጣሁት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀይዋ ቀበሮ አመዳም ሆና ወጣች፤ ግድ አልሰጠኝም። ጆሮዋ፣ የያዘችው አይጥ፣ የዓይኗ ብልጭታ ሳይቀር አለ። ከዚያ ሌላ በወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ አላየሁም።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በማኅበሩ ግቢ ሰው ግጥም ብሏል፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤውን አነበበና ጓሳው ባዶ መሬት ሆኖ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረበ። ሽማግሌው ከእኔ የተቀበሉትን ፎቶ ይዘው ተነሡ።

«ባዶ አይደለም። ምስክር አምጥቻለሁ» አሉና ፎቶውን ከፊት ላለው ሰው ሰጡ።

ያ ሰው ፎቶውን አየ፤ ገለበጠና ጀርባውን አየ፤ እንደገና ገለበጠው። «ሰውዬው የታለ?» አለ። ለጎረቤቱ አቀበለው፤ እሱም ፈለገ። ከእጅ እጅ እየዞረ ሁሉም ሰው ሲፈልግበት ቆየ። በዚያ አገር ፎቶ ማለት መታወቂያ ነው፤ ፊት የሌለበትን ፎቶ ያየ ሰው አልነበረም። ከጀርባውም ስም አልተጻፈበትም። «ተበላሽቶበት ነው» ያለም ነበር፤ ሰማሁት፤ ዋጥ አደረግሁት።

በመጨረሻ አንዱ አገኛት። «ቀበሮ ናት! ይቺ በግ በላተኛ!»

ግቢው ታመሰ። የአምናው ጠቦት፣ የዘንድሮው ግልገል፣ የማን በግ በየት እንደተበላ ሁሉ ተነሣ። ሊቀ መንበሩ ፎቶውን ተቀብሎ ፈገግ አለ።

«አባባ፣ ምስክርዎ በእርስዎ ላይ መሰከረ እኮ» አለ። «ጓሳው የሚቀልበው የበጎቻችንን ጠላት ከሆነ ቶሎ መታረሱ ነው የሚሻል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ግን ያመኑት ሰው ምን እንዳደረጋቸው ገና እየገባቸው ነበር። ለቀበሮ ስል ጓሳቸውን ሸጥሁት፤ ይህ ነው በዚያች ሰዓት የተሰማኝ።

ፎቶው ወደ ሴቶቹ አለፈ። ከኋላ አንዲት ሴት ስብሰባው ሲያልቅ ውኃ ልትወርድ እንስራዋን አጠገቧ አስቀምጣ ነበር። ፎቶውን ይዛ ቆየች። አጠገቧ ያሉት ሊቀበሏት እጃቸውን ቢዘረጉ አልሰጠቻቸውም። ከዚያ ተነሣች።

«እንዴ፣ ይቺ የኛ ምንጭ መውረጃ አይደለችም?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ይዩት እስቲ ጓድ ሊቀ መንበር» አለች ወደ ፊት እየመጣች። «ይህ አምና የታረሰው ነው። ከሱ የሚወርደውን ይዩት፤ ጥቁር፣ አፈሩን ተሸክሞ የሚሄድ። ይህ ደግሞ ጓሳው ነው። ከሱ የሚወርደው ነጭ ነው፤ ጠጠሩ ከሥሩ ይታያል። በረዶው አንድ፣ ቀኑ አንድ። እኔ የምቀዳው ከነጩ ነው። ሚስትዎም የምትቀዳው ከዚያው ነው። ጓሳው ሲታረስ ይህ ነጩም ይጠቁራል፤ ያን ጊዜ ከየት ልቅዳ?»

ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተነሣና ከበባት። እኔም ተጋፍቼ ገባሁ፤ የራሴን ፎቶ ለማየት ተጋፋሁ። እውነቷን ነው። ቀበሮዋ ከቆመችበት በስተ ግራ የታረሰው ሸንተረር ቦይ ቦይ ሆኖ ቦዩ ሁሉ ጥቁር ነው፤ በስተ ቀኝ ከጓሳው ሥር የሚወጣው ውኃ እንደ ብር ክር ያበራል። ይህን ፎቶ ያነሣሁ፣ ያጠብሁ፣ ያተምሁ እኔ ነኝ፤ እንስራ ተሸክሜ ስለማላውቅ ግን አላየሁትም።

«አምና የኔ መስኖ በአፈር የተደፈነው ለካ በዚህ ነው» አለ አንዱ። «ውኃው ዘንድሮ የደፈረሰው ለካ» አለ ሌላው። በግ የተበላበት ሰውዬ እንኳ ጢሙን እያሻሸ ፎቶው ላይ ጎንበስ አለ።

ሊቀ መንበሩ ፎቶውን ወደ ብርሃን አውጥቶ ብቻውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ሰው ዞረ። «ደብዳቤው የሚጠይቀው ባዶ መሬት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ማኅበራችን ባዶ መሬት የለውም ተብሎ ይጻፍ የምትሉ እጅ አውጡ።»

ያወጣውን እጅ አልቆጠርሁም። ያላወጣ ሰው ግን አላየሁም፤ እኔ እንኳ አባል ሳልሆን አውጥቼ ነበር። ደረቴ ውስጥ እምቢልታ የተነፋ ያህል ሆነብኝ።

ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ሄዱና ፎቶውን በሊቀ መንበሩ ፊት አኖሩት። «ማኅተም አድርግበት» አሉ።

«ይህ ላይ?»

«ያለ ማኅተም ፎቶ ዋጋ የለውም ያልኸን አንተ ነህ። ነገ ሌላ ደብዳቤ ቢመጣ ጓሳውም መታወቂያ ይኑረው።»

ሰው ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ሌላ ሳቅ ነበር። ሊቀ መንበሩም ሳቀና ማኅተሙን ወደ አፉ አስጠግቶ ሁለት ጊዜ እፍ ብሎበት ከፎቶው ጥግ፣ ከነጩ ውኃ አጠገብ አሳረፈው።

ሽማግሌው ግን ከጠረጴዛው አልሄዱም። ከገሳቸው ሥር የራሳቸውን ካርድ አወጡና አስቀመጡት። ሊቀ መንበሩ አየው፤ አቀረቀረ። ብዕሩን አንሥቶ የጻፈውን ሠረዘ፤ ከላዩ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ሌላ ጻፈና በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ሽማግሌው ካርዱን ከዓይናቸው አራቁት። ግቢው ሁሉ ጠበቃቸው። ጣታቸው እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ሄደ።

«ጓ። ሳ። ጠ። ባ። ቂ።»

«ይድገሙት፣ አባባ» አለች ባለ እንስራዋ።

ደገሙት፤ ሁለተኛው ላይ ፊደል አልቆጠሩም።